ከፈንጂ ነፃ የሆነው ማሳ

ስለ ሰላም እየተወራ የዚያችን አገር ውለታ ሳያነሱ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። መደበኛ የጦር መሣሪያን የሚገድብ ስምምነት በቀረበ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣ እሷ ነበረች። አንዴማ ረቂቁ ገና ሳይነበብ ደግፋው፣ የጉባኤው ሊቀመንበር «እባካችሁ መጀመሪያ ላንብበው» ብለው ለምነዋታል።

ይህን ሁሉ ድጋፍ በትከሻው የተሸከመው የስምምነቶች መምሪያ ኃላፊ ሲሆን፣ ባልደረቦቹ «ፊርማው» ይሉታል። ፊርማው ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ከየጉባኤው ያመጣቸውን ባጆች ከመስኮቱ ላይ ደርድሮ ሰቅሏቸው ቢሮው ብርሃን እስኪያጣ ድረስ ይኮራባቸዋል። አንድ ቀን አምባሳደር እንደሚሆን ቅንጣት አይጠራጠርም።

አንድ ማለዳ ያሳደገችው አክስቱ ከገጠር መጥታ ከቢሮው ገባች። ከቤቷ ጀርባ ያለው ማሳዋ ከድሮው ጦርነት ጀምሮ ፈንጂ የተቀበረበት ነው። ዙሪያውን ሽቦ ተወጥሮበት፣ የራስ ቅል የተሳለበት ቀይ ምልክት ተተክሎበታል።

«ልጄ፣ ፈንጂ ይቅር ብለህ የፈረምከው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«በል እንግዲያው ማሳዬን አጽዳልኝ። ላሜን በልቶብኛል፤ የቀረችኝ ጥጃዋ ብቻ ናት። መሬት አለኝ እላለሁ እንጂ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሆነብኝ።»

ፊርማው በፍቅር ፈገግ አለ። «ያንቺ እኮ የተቀበረ ነው፣ እትዬ። ዘንድሮ የያዝነው መጋዘን ውስጥ የተከማቸውን ማውደም ነው።»

«የተቀበረው አይፈነዳም?»

«ይፈነዳል። በዘንድሮው ዕቅድ ግን አልተካተተም።»

አክስቱ ወደ ገጠር የሚመለሰው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ተነሥታ ሄደች።

በዚያው ሰሞን ፈንጂን ካገደው ጉባኤ ደብዳቤ መጣ። የፈንጂ ክምችታቸውን ላወደሙ አገሮች ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ይሰጣል ይላል። መጋዘኑ ተፈተሸ። የተገኘው የዛገ የብረት ቆብና እግሩ የተሰበረ ወንበር ብቻ ሆነ። ክቡር ሚኒስትሩ አዘኑ።

«የሌለንን እንዴት አድርገን ነው የምናወድመው?»

«እንገዛዋለን፣ ክቡርነትዎ» አለ ፊርማው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። የተቀበረውን ፈንጂ ከርሞ ለማጽዳት ተይዞ የነበረው በጀት ለመግዣ ዋለ። ጎረቤት አገርም ሊያወድመው የተዘጋጀውን ክምችት በደስታ ሸጠላቸው። «ክምችቴን ቀነስኩ» ብሎ እሱም ሜዳሊያውን ወሰደ። በአንድ ገበያ ሁለት ሰላም ወዳዶች የተሸለሙበት ዘመን ከዚያ በፊት አልታየም።

ፈንጂው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የድንጋይ መፍለጫ ውስጥ ተከመረ። ማርሽ ባንድ ተሰለፈ። እንግዶቹ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ስለነበር የሚኒስትሩን ንግግር ማንም አልሰማውም፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም እጅግ የተደነቀው። ፈንጂው ፈነዳ፣ ባንዱ ነፋ፣ አገሪቱ «ከፈንጂ ነፃ» የሚል የምስክር ወረቀት ተቀበለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፊርማው ወረቀቱን ባየው ቁጥር የአክስቱ ማሳ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ትዝ እያለው ይረበሽ ጀመር። ከፈንጂ ነፃ በሆነ አገር ውስጥ «ተጠንቀቅ፣ ፈንጂ አለ» ብሎ መጻፍ የአገር ስም ማጥፋት አይደለም? ወዲያው አዘዘ፤ ሽቦውም ምልክቱም ተነቀለ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ለአክስቱ በክብር ለማስረከብ ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛ አስከትሎ ሄደ።

ሲደርስ አክስቱ ማሳው ዳር ቆማ ትጮኻለች።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ሽቦውን ነቅላችሁት ጥጃዬ ገባችብኝ! ያቻትልህ፣ መሃል ላይ!»

«አይዞሽ፣ ነፃ ነው።»

«ነፃ ከሆነማ ግባና አምጣልኛ!»

ፊርማው የተወለወለ ጫማውን አየ። ለስላሳውን ሣር አየ። ጋዜጠኛው ካሜራውን አስተካከለ።

«ጌታዬ፣ ሲገቡ ከፊት ነው ከኋላ የማነሣዎት?»

«ከፊት ይሻላል። ቅደምና አንሣኝ።»

ጋዜጠኛው ማሳውን አሻግሮ ተመለከተ። «ለነገሩ ከዚሁ ሆኜ ባነሣዎትም ያምራል።»

አክስቱ እጇን ዘረጋችለት። «ልጅ ሆነህ ጨለማ ስትፈራ እጅህን ይዤ አልነበር የማስገባህ? ና፣ አሁንም ያዘኝ። አብረን እንግባ።»

ፊርማው አፈረ። በሥራ ዘመኑ እንደዚያን ዕለት ያፈረበት ቀን የለም። እጁ ወደ እጇ ትንሽ ሄዶ ነበር፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ከረባቱን አስተካከለ።

«እኔ ከዚሁ ሆኜ እደግፍሻለሁ፣ እትዬ።»

 አክስቱ ፊቷን አዞረችና ጥጃዋን በስሟ ትጣራ ጀመር። ጥጃዋ የምስክር ወረቀቱን አላነበበችም፤ የምታውቀው የአሳዳሪዋን ድምፅ ነው። በገባችበት ዱካ ቀስ ብላ፣ ሣር እየቀጨች መጣች። አክስቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ፊርማው ላቡን ጠረገ። «አላልኩሽም ነፃ ነው ብዬ?»

 አክስቱ ጥጃዋን እየነዳች ወደ ቤቷ ገባች፤ ግባም አላለችው።

ፊርማው አሁን አምባሳደር ነው። ከመሄዱ በፊት ግን የአክስቱ ነገር አላስተኛው ብሎ አንድ የመጨረሻ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ማሳው ዙሪያ ሽቦው ተመልሶ ተወጠረ። አዲስ ምልክትም ተተከለ። እንደ ድሮው ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴ ነው፤ በራስ ቅሉ ፈንታም ርግብ ተስሎበታል። ከሥሩ በትልልቁ እንዲህ ይላል፦

«ይህ ማሳ ከፈንጂ ነፃ ነው። መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»