ወደቡን የዋጠ ሰው

[ሰሜን ጃካርታ፣ ባሕር ዳር። ሩስሊ የቀርከሃ መድረክ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ አረንጓዴ ዛጎል ያላቸው፣ የሚበሉ የባሕር እንስሳት የተጣበቁባቸው ገመዶች ጥቁር ውሃ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ጎረቤቱ ማማን ባዶ ድስት ይዞ ቆሟል።]

ማማን፦ አንድ ድስት ብቻ፣ ባንግ ሩስሊ፣ ታላቅ ወንድሜ! ምን አለበት?

ሩስሊ፦ አንዲት ፍሬ አትነካም አልኩህ! ጠባቂው እኔ ነኝ።

ማማን፦ ከማን ነው የምትጠብቃቸው?

ሩስሊ፦ ካንተ!

ማማን፦ እኔማ ይኸው፣ የትም አልሄድኩ።

ሩስሊ፦ [ለራሱ] ይሄ ሆዳም ካላስፈራሩት አይነቃነቅም። [ጮክ ብሎ] ስማ! እነዚህ ምግብ አይደሉም፤ ሠራተኞች ናቸው። ባሕሩን ነው የሚያጸዱት።

ማማን፦ እዚህ ከቆምኩ ጀምሮ አያቸዋለሁ፣ አንዱም መጥረጊያ አላነሳም።

ሩስሊ፦ በአፋቸው ነዋ! ቆሻሻውን ውሃ ይስቡታል፣ ንጹሑን ይተፉታል።

ማማን፦ ቆሻሻውስ?

ሩስሊ፦ ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል። የፋብሪካው ቀለም በለው፣ የመርከቡ ዘይት በለው፣ የሰፈሩ ሽንት ቤት በለው...

ማማን፦ የኛም ቤት?

ሩስሊ፦ የናንተማ በተለይ!

ማማን፦ እና አንዱን የበላ ሰው...

ሩስሊ፦ ወደቡን ዋጠ ማለት ነው!

ማማን፦ ከነመርከቡ?

ሩስሊ፦ ከነመልሕቁ!

ማማን፦ ጎሽ፣ አሁን ገባኝ። ተመራማሪዋ ጠዋት ስትናገር ፈጥናብኝ ነበር።

ሩስሊ፦ የቷ ተመራማሪ?

ማማን፦ ገመዶቹን ያሰቀለችው ነቻ! መስጊዱ ግቢ ሰብስባን፣ አንተ ተኝተህ። ልክ አንተ እንዳልከው፣ ቆሻሻው ሆዳቸው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ማንም እንዳይቀምሳቸው አለች። ለምርመራ አንድ ድስት አምጣልኝ ብላ ነው የላከችኝ።

ሩስሊ፦ [ብድግ ብሎ] ምን? እኔ እኮ ከራሴ ነው የፈጠርኩት! እንዳትወስድብኝ ብዬ!

ማማን፦ ለምን እንዳልወስድ?

ሩስሊ፦ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን እንግዶች ማታ ያበላኋቸው ከዚሁ ነዋ፣ ለዛሬም ፈልጌው ነበር! የልጁ አባትማ ደጋግሞ አስጨምሯል!

ማማን፦ አሃ! ሽንት ቤታችሁ በር ላይ ያ ሁሉ ሰልፍ ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ የሠርግ ጥሪ የሚታደል መስሎኝ ተሰልፌ ነበር።

ሩስሊ፦ [ሆዱን ጨብጦ] ማማን... እኔም... በላሁ እኮ...

ማማን፦ ወይ ባንግ! አዋቂ ማለት እንዳንተ ነው! ስትዋሽ እንኳን እውነት ነው የሚያመልጥህ።

[ሩስሊ እየሮጠ ይወጣል።]