በርጩማ ላይ የቆመ ደህንነት

[ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር። የአናጢው የአያ ምናለ የእንጨት ሥራ ቤት። ምናለ ጠረጴዛ ላይ በርጩማ ደርቦ፣ እላዩ ላይ ቆሞ «ቅድሚያ ለደህንነት» የሚል ሰሌዳ ሊሰቅል ይታገላል። ረዳቱ አላምረው የበርጩማውን እግር ይዟል።]

አላምረው፦ ሰሌዳው ወደ ግራ ያዘነብላል እኮ፣ አያ ምናለ።

ምናለ፦ ያዘነበለው ያንተ አንገት ነው! [በመስኮት ወደ መንገዱ እያየ] እሰይ! ያችን ባልቴት አየሃት? ሚስማር የወጣበትን ጣውላ ልጆች እንዳይረግጡት ብላ ከመንገድ አነሣችው። እግዜር ይስጣት! ምን ዓይነቱ ሰው ነው ግን እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ የሚጥል?

አላምረው፦ አንተ ነሃ። ጠዋት ቤቱን ስናጸዳ የወረወርከው ነው።

ምናለ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] በርጩማውን ያዝ! ተቆጣጣሪዋ ልትደርስ ነው።

አላምረው፦ ምነው እንዲህ ፈራሃት?

ምናለ፦ ከትክል ድንጋይ ወደ ከተማ ትናንት የመጣህ፣ ምን ታውቅና! እኔ አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በሥራ ቦታ ሰው እንዳይጎዳ ይቆጣጠራል። ጉድለት ካገኘች መጋዙን ታሽገዋለች። የትምህርት ቤቱን ወንበር ሳናስረክብ ከታሸገ ምን ልንበላ ነው?

አላምረው፦ የሰው ጣት ሲቆረጥ ነው የምትመጣው?

ምናለ፦ ሳይቆረጥ።

አላምረው፦ ሳይቆረጥ ምን አይታ ታሽጋለች?

ምናለ፦ ገና የሚቆረጠውን!

አላምረው፦ ባሕታዊት ናት በለኛ!

ምናለ፦ ማንበብ ነው እንጂ ልጄ፣ ማንበብ!

አላምረው፦ እና የመጋዙን መከለያ ምነው አውልቀህ ሣጥን ውስጥ ቆለፍክበት?

ምናለ፦ እንዳይቧጨር ነዋ! ስትመጣ አዲስ ሆኖ ይታያታል።

አላምረው፦ መነጽሩስ?

ምናለ፦ ከነላስቲኩ አለ። የዕቃ አያያዛችንን ትይልን።

አላምረው፦ ዓይናችንስ?

ምናለ፦ ዓይናችን የራሳችን ነው፤ ማንም አይጠይቀንም! [በርጩማው ይነቃነቃል። ምናለ የጣራውን ማገር ጨብጦ ይንጠለጠላል።] ኧረ እመ ብርሃን! ...ግን ማን ነው የጠቆመብን? ያ ምቀኛ አናጢ አስናቀው ነው። የኔ ደንበኛ መብዛቱ አቃጥሎት!

አላምረው፦ አስናቀው አይደለም።

ምናለ፦ ታዲያ ማን?

አላምረው፦ እኔ ነኝ።

ምናለ፦ አንተ?! እንጀራህን?

አላምረው፦ ያን ለት መጋዙ የእጅጌህን ጫፍ ሲጎርሰው «ሸሚዙ አርጅቶ ነው» ብለህ ሳቅህ። እኔ እጅህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሄጄ ብነግራቸው የትነበርሽ የምትባለው ተቆጣጣሪ፣ ሸጋ ሰው፣ «ይታሸጋል ብላችሁ አትፍሩ፤ ቀድመን ብናስተካክለው ይሻላል» አለችኝ። መከለያውን ገጥማ ልታሳየን ነው የምትመጣው።

ምናለ፦ [ማገሩን የጨበጡትን ጣቶቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል። ሁሉም አሉ።] ተመስገን... ይሄን ግን ከአዋጁ ውስጥ አላየሁትም።

[በሩ ይንኳኳል።]

አላምረው፦ መጣች! ልክፈት?

ምናለ፦ ቆይ! አላምረው፣ ወንድምዬ፣ አንዲት ነገር ላስቸግርህ።

አላምረው፦ ሰሌዳውን ላቃናልህ?

ምናለ፦ ሰሌዳውን ተወው። እኔን አውርደኝ!