ሊቀ አእዋፍ ከአጥሩ ማዶ

«አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የልብስ ሰፊዋ ዕጣ ሆኖ፣ የእሷ ሰፈር አዋቂ የሚኖረው ከአጥሯ ማዶ ነው።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ከመሪው ከወረዱ ወዲህ ግን ሰፈርተኛው «ሊቀ አእዋፍ» ብሎ ሾሟቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ጓሮዋ ካለው የሎሚ ዛፍ ላይ የጣሳ ክዳን በሽቦ አንጠልጥላ፣ የተከካ ስንዴና የዳቦ ፍርፋሪ ታደርግበታለች። ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ወፎቹን ማየት ነው ደስታዋ። ምን ያደርጋል፣ ወፏ ክዳኑ ላይ ገና ሳታርፍ ሊቀ አእዋፍ ከአጥሩ በላይ ብቅ ይላሉ።

«እንዳትንቀሳቀሺ፤ ይቺ እንግዳ ናት» ይላሉ፣ የኋላ ወንበር ተሳፋሪ በሚቆጡበት ድምፅ። ወፏ ትበራለች። እሳቸው የተሻገረችውን ባሕር ሳይቀር ይተነትናሉ። አንዴ እርግቧን የጭልፊት የአክስት ልጅ አደረጓት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጆሯቸውን አቁመው «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ይሄ የእኛ አገር ጩኸት አይደለም» ብለው ፈረዱ። የጮኸው ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነበር። ዓይነ አፋሯ ልብስ ሰፊ «አዎ ጋሼ» ብላ ታቀረቅራለች። በሆዷ ግን፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ ቀለል ያለ ጉንፋን ይያዛቸው ብላ ትጸልያለች።

አንድ ጠዋት ሊቀ አእዋፍ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለ ቢጫ ደረቷ መጣች። ደግሞ አትፈራም፤ እዪ፣ እያየችኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ወፍ የለም። ቅርንጫፉ ላይ ያለው፣ ወፎቹ ለጎጆ ይወስዱታል ብላ ራሷ ያሰረችው ቢጫ የጨርቅ ቁራጭ ነው። መሳቅ ነበረባት፤ ልቧ ግን ስንጥቅ አለ። ጓሮው እኮ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ነው።

«አዎ ጋሼ፣ ታምራለች» አለች።

ያን ዕለት ሲመሽ የሰውየውን ሴት ልጅ በር ላይ ጠብቃ፣ የአባቷን ዓይን ለሐኪም እንድታሳይ አንሾካሾከችላት። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ዓይናቸው ታሰረ።

የተመኘችው ጸጥታ መጣ። ወፎቹ ጠግበው እስኪተፉ በሉ። እሷ ግን ስፌቷ እየተጣመመ ደጋግማ ተረተረች። ባይበራላቸውስ? ምነው ምላሴን በቆረጠው ትላለች ለብቻዋ። ያን የበር ማጠፊያ ሲጮህ በሰማች ቁጥር ወደ አጥሩ ትዞራለች።

ፋሻው ሲፈታ ልጃቸው ደግፋ ወደ አጥሩ አመጣቻቸው። ክዳኑ ላይ በየቀኑ የምትመጣው ተራ ድንቢጥ አለች። ሊቀ አእዋፍ አዩ። ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ብለው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ የጨበጠችው የመርፌ ትራስ ሲወጋት እንኳ አልተሰማትም።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ ቀስ ብለው።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጃቸው ዞረች። አልበራላቸውም ማለት ነው።

«ክንፏ ላይ ያለው ቡናማ ጭረት በብዕር የተሰመረ ይመስላል» ቀጠሉ። «እግሯ ደግሞ እንደ ክር ቀጥኗል። እንዲህ ያለች ወፍ አይቼ አላውቅም። አላውቃትም።»

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በመለኪያ ሜትሯ ጫፍ ጠረገች። ድንቢጥ ናት ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«እኔም አላውቃትም፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

ሊቀ አእዋፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድንቢጧ በረረች። ልብስ ሰፊዋ በርጩማዋን አምጥታ ከአጥሩ ሥር ተደላድላ ተቀመጠች።