ቆመን ነው ወይስ እየሄድን?

(የመንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ መግቢያ፣ ዳገት ላይ። ሞተሯ የጠፋ አንዲት ትንሽ የማሰልጠኛ መኪና አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙራ ተራ ትጠብቃለች። በግራዋ ትልቅ የጭነት መኪና፣ በቀኟ ቀይ ቀለም የተቀባ በርሜል አለ። ከኋላዋ፣ ዳገቱ ግርጌ፣ የፈታኙ ጠረጴዛ። መሪው ጋ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስት ጊዜ ወድቃ ዛሬ አራተኛዋ ነው። በሁለት እግሯ ፍሬን ረግጣለች። አሰልጣኟ ጭንቅላቱን ይዟል።)

አሰልጣኙ፦ አንቺ ሴትዮ፣ አንሺ እግርሽን! ፔዳሉ ወለሉን በስቶ ሊወጣ ነው እኮ!

ልብስ ሰፊዋ፦ ወደ ኋላ እየሄድን ነበራ፣ ጋሼ!

አሰልጣኙ፦ በጠፋ ሞተር? በተሳበ የእጅ ፍሬን? ጎናችን ያለው መኪና ነው እኮ ወደ ፊት ፈቀቅ ያለው!

ልብስ ሰፊዋ፦ እንዴ! ታዲያ ለምን የሄድን መሰለኝ?

አሰልጣኙ፦ አንጎልሽ ተታሎ ነዋ። ስሚ፣ ጆሮሽ ውስጥ ውሃ አለ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ኧረ ጠዋት ጠርጌዋለሁ!

አሰልጣኙ፦ የውስጡን ነው የምልሽ፣ የውስጡን! ስትንቀሳቀሺ ውሃው ይናወጥና ጆሮ ለአንጎል ወሬ ያደርሳል። አሁን ዓይንሽ የጎኑን መኪና አይቶ «ሄድን» አለ። ጆሮሽ «ኧረ ቆመናል» አለ። አንጎል መሃል ላይ ዳኛ ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ እና የእኔ ዳኛ ለዓይን ፈረደ?

አሰልጣኙ፦ ፈረደ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ጉቦ በልቷላ!

አሰልጣኙ፦ ወይ ጉድ! አንቺ ድሮም ድንጉጥ ነሽ፣ አሁን ደግሞ የጭነት መኪና ጎን አቆሙን። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ! እንዲህ ሆነሽ ፈታኙ ካየሽ ዛሬም ወደቅሽ።

ልብስ ሰፊዋ፦ አያሟርቱ እንጂ፣ ጋሼ! ዛሬ ካለፍኩ የሱቃችንን ዕቃ ማድረሻ መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ አንድ እርምጃ እንኳ ፈቀቅ አላልኩም እኮ!

አሰልጣኙ፦ በይ ውረጂ፣ ቦታ እንቀያየር። ሰው እንዴት ተረጋግቶ እንደሚቀመጥ ላሳይሽ።

(ይቀያየራሉ።)

አሰልጣኙ፦ ይኸውልሽ፣ የእጅ ፍሬን እንዲህ ይለቀቃል...

ልብስ ሰፊዋ፦ እሺ።

አሰልጣኙ፦ ...ከዚያ እንዲህ... (የጭነት መኪናው ሞተር ይነሳል) ቆይ ቆይ፣ ሊሄድ ነው! አሁን እኔን እዪኝ። እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ። እጄን አጣጠፍኩ።

(የጭነት መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል።)

ልብስ ሰፊዋ፦ ጋሼ፣ ወደ ኋላ...

አሰልጣኙ፦ የሄድን መሰለሽ አይደል? ለእኔም መስሎኛል! ግን ንቅንቅ አልልም። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩበት ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ በርሜሉስ? ቅድም ጎኔ ነበር። አሁን ከፊታችን ነው።

አሰልጣኙ፦ ዓይንሽን አትመኚ አላልኩሽም? ይኸው ጆሮዬ ጭጭ ብሏል።

ልብስ ሰፊዋ፦ በጣም ቀስ እያልን ከሆነስ? ውሃው ላይናወጥ ይችላል እኮ! ስፌት ላይም መርፌው ጨርቁ ላይ የሚሄድ ይመስላል፤ የሚሄደው ግን ጨርቁ ነው። ሲምታታብኝ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ አያለሁ፣ እሱ የትም አይሄድም። በርሜል ደግሞ እግር የለውም፣ ጋሼ!

አሰልጣኙ፦ ጭራሽ መኪና በስፌት ልታስተምሪኝ? እኔኮ...

ድምፅ (ከኋላ)፦ ኧረ በሕግ! ጠረጴዛዬን!

(ልብስ ሰፊዋ የእጅ ፍሬኑን ሽቅብ ትስበዋለች። መኪናዋ ገጭ ብላ ትቆማለች። ፈታኙ የፈተና ፎርሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ በመስኮቱ ብቅ ይላል።)

ፈታኙ፦ እትዬ አሰልጣኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እጅዎ ባይፈጥን ዛሬ እኔም ጠረጴዛዬም አልቆልን ነበር። ይሄ ተማሪዎ ግን... (ፎርሙን እያየ) ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የወደቀው? በሉ፣ አራተኛውንም ወድቋል።

ልብስ ሰፊዋ፦ (ክው ብላ) ጋሼ! ይናገሩ እንጂ! አራተኛዬን በሉብኝ እኮ!

(አሰልጣኙ መሪውን ያያል፤ ጣሪያውን ያያል፤ ላቡን ይጠርጋል።)

አሰልጣኙ፦ (ድምፁ እየጠፋ) ተማሪዋ... እሷ ናት።

ፈታኙ፦ እና መሪው ጋ የተቀመጡት እርስዎ ማን ነዎት?

አሰልጣኙ፦ እኔማ... ተሳፋሪ ነኝ።

ፈታኙ፦ ተሳፋሪ ከኋላ ነው።

(አሰልጣኙ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይገባል። ልብስ ሰፊዋ መሪውን ትይዛለች፤ ፈታኙ ከጎኗ ይቀመጣል። ሜዳውን ዞራ እዚያው በርሜሉ ጎን ታቆማለች፤ የእጅ ፍሬኑን ትስባለች፤ ሞተሩን ታጠፋለች። ፈታኙ ፎርሙ ላይ «አልፋለች» ብሎ ይጽፋል። እሷ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። በዚህ መሃል በግራ በኩል የቆመ ሌላ የጭነት መኪና ወደ ፊት ፈቀቅ ይላል።)

አሰልጣኙ፦ (የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ አንቆ) ፍሬን! ፍሬን ያዢ! ወደ ኋላ እየሄድን ነው!

ልብስ ሰፊዋ፦ (በርሜሉን አየት አድርጋ) ቆመናል፣ ጋሼ። ጆሮዎን ይጥረጉ።