ሦስት ጊዜ እንቢ የማለት ሥልጣኔ

የላስ ቬጋስ ዘበኛ ስለ መካከለኛው ዘመን ማብቂያ ላውራ ብሎ መነሣቱ ድፍረት ነውና አስቀድሜ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምን ላድርግ፤ ግንብ በሚመስል ካዚኖ በር ላይ ቆሜ ስኖር ዘመኑ ተጋባብኝ።

ታላላቆቹ መንግሥታት እንዴት እንዳለፉ መቼም ታውቃላችሁ። ወረርሽኙ አውሮፓን አጨደ፤ መድፉ የቁስጥንጥንያን ቅጥር ናደ። በቻይና ደግሞ ዙፋን የነጠቀ ልዑል እንኳ «ንገሥልን» ሲባል ሦስት ጊዜ እንቢ ይል ነበር አሉ። ሥልጣኔ ይኸው ነው። ነጥቀህም ቢሆን ትለመናለህ።

በ2020 ወረርሽኙ እኛም ዘንድ መጣና ግንባችን ተዘጋ። መብራቱ ለማንም ሳይሆን ይበራል፤ ሰው አልባው ጎዳና ላይ ርግቦች እንደ መኳንንት ይንሸራሸራሉ። ሕልም ነበር፤ የሚያስፈራ ግን የሚያምር ሕልም።

በበጋው በሩ ሊከፈት ሲል አለቃችን እኔንና ጋሼ ደምሴን ጠራን። ጋሼ በሰማንያዎቹ በስደት የመጡ፣ የበሩ አንጋፋ ናቸው።

«ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሚስተር ደምሴ፣ ይፈልጋሉ?»

ጋሼ ይህን ሥራ ስጠኝ ብለው ሲጸልዩ ነው የከረሙት። ግን ጨዋ ናቸውና አቀርቅረው «እኔ አርጅቻለሁ፤ ለልጆቹ ስጣቸው» አሉ። እስኪለመኑ ጠበቁ።

«እንዴት ያለ ደግነት!» አለና ወደ እኔ ዞረ።

ጋሼ እያሉ እኔ? ምን ቆርጦኝ! «ኖ» አልኩ።

ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ ከኋላችን የቆመ አንድ ጢማም ሰውዬ ጥያቄው እስኪያልቅ አልጠበቀም። «የስ!» ቁስጥንጥንያ እንኳ እንዲህ በቶሎ አልወደቀችም።

«ምን አለ ቢለምነኝ?» አሉ ጋሼ መኪና ውስጥ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው።

«ይህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቀው፣ ጋሼ።»

ማስካቸውን መልሰው አፍንጫቸው ላይ ሰቀሉ።

ኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ገባን። እዚያ «ኦቨርታይም?» የተባለ እንደሆነ ጋሼ አለቃው አፉን ሳይዘጋ «የስ!» ይላሉ። ህዳሴ ማለት ይህ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

በፋሲካ እራት ጋበዝናቸው። በልተው ሲያበቁ ባለቤቴ እንደ ወጉ ድስቱን ይዛ ተነሣች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ልጨምርልዎ!»

«እሺ፣ ጨምሪ የኔ ልጅ።»

ባለቤቴ በቁሟ ደረቀች። ድስቱ ባዶ ነበር። እኛ እኮ ሦስቱን እንቢታ ተማምነን ነው!

በሉ ይህን ለማንም እንዳታወሩ። ደግሜ አልለምናችሁም፤ አገሩን ታውቁታላችሁ።