ማኪያቶው የመለሳቸው ደንበኛ

ጋሽ ንጋቱ በሕልማቸው ትሪ ላይ ቆመው ነበር። ከጎናቸው ሌሎች ሁለት ደንበኞች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ላፕቶፑን ታቅፏል፣ አንዷ ስልክ ታወራለች፣ ነገሩ ግር ያለው ሰው ግን የለም። ትሪውን የተሸከመው በእውኑ ዓለም አንዲት ብርጭቆ አንስቶ የማያውቀው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሽርጥ ታጥቆ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መንገድ ልቀቁ እያለ በጠረጴዛዎቹ መሃል ይሽሎከሎካል። ቦታው ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ጋሽ ንጋቱ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሱበት የሰፈራቸው «ሦስት ሲኒ» ቡና ቤት ነው። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ግን ማኪያቶዎች ናቸው። አረፋቸውን ወደ ኋላ አበጥረው፣ ጋዜጣ ዘርግተው፣ ደንበኛ እስኪቀርብላቸው ይጠብቃሉ።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት የሰውየውን አመል ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ንጋቱ አንድ ማኪያቶ ያዝዛሉ። ግማሹን ይጠጡና ጠቁሯል፣ ወተት ይጨመርበት ብለው ይመልሱታል። ወተት ተጨምሮበት ሲመጣ ደግሞ ጥቂት ይጠጡለትና አሁን ነጥቷል፣ ቡና ይጨመርበት ይላሉ። እንዲህ እያለ አንዱ ማኪያቶ እስከ ምሳ ሰዓት ይዘልቃል። ብልጠት ነው ሲሏቸው ይቆጣሉ፤ ጣዕም ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ ይላሉ። እውነትም ጣዕም ይመስላቸው ነበር።

አስተናጋጇ ዘቢባ ይህን ሁሉ ዘመን ያሉትን እየጨመረች፣ ፈገግ እያለች አስተናግዳቸዋለች። ትናንት ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ለአራተኛ ጊዜ ብርጭቆውን ሲዘረጉላት፣ «ጋሼ፣ የጨመርነው ሲደማመር ይሄ እኮ ሦስተኛ ማኪያቶ ሆነ» አለቻቸው። አብሯቸው የተቀመጠው የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሙላት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲቀይሱ ማንም ፊት ለፊት ስቆባቸው አያውቅም። ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩና ጠዋት መጥተው ከማኪያቷቸው ጋር የቅሬታ ቅጽ ጠየቁ።

ቅጹን ያመጣችላቸው ራሷ ዘቢባ ናት። እስክሪብቶ እንኳ አልያዙም ነበርና የራሷን አዋሰቻቸው፤ ቀለም የሚተፋ እስክሪብቶ ነው፣ ግን ይጽፋል። በወር ውስጥ ሦስት ቅሬታ የቀረበባት አስተናጋጅ ከተማ ዳር ወዳለው ቅርንጫፍ እንደምትዛወር ሁለቱም ያውቃሉ። ዘቢባ ሁለት ቀርቦባታል። ከተዛወረች ደግሞ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ በሰዓቱ ሥራ መግባት አትችልም። ጋሽ ንጋቱ ይህን ሁሉ እያወቁ ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ሌሊቱን ያልተከደነው ዓይናቸው ከበዳቸው። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሱት ትሪውን ነው።

ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። የራሳቸው ቦታ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ግን አንድ ወፍራም ማኪያቶ ተንሰራፍቷል። ማኪያቶው ቀና ብሎ አያቸውና እስቲ አውሩኝ አላቸው። ጋሽ ንጋቱም ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ፣ ስለ ዘንድሮ ሰው ጠባይ አወሩለት። ማኪያቶው ግማሹን ሰማና አጨበጨበ።

«አስተናጋጅ፣ ይሄ ደንበኛ መሮብኛል። ሳቅ ይጨመርበት።»

ማሽኑ ጋ ወሰዷቸው። በእንፋሎቱ ቧንቧ ብብታቸውን ኮረኮሯቸው፣ ከወተት ማፍያው ሳቅ ቀዱባቸው። ተመልሰው ሲመጡ ስለ ጉልበታቸው ሕመም የሚያወሩት እየተንከተከቱ ነው። ማኪያቶው ጥቂት አዳመጣቸውና ፊቱን አጨማደደ፤ አሁን ደግሞ ቀልለዋል፣ ቁም ነገር ይጨመርባቸው አለ። እንደገና ተወሰዱ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከነአባሪው ተነበበላቸው። ሲመለሱ ከቁም ነገሩ ብዛት ሁለት ሰው ደግፏቸው ነበር።

ማኪያቶው ትንሽ ቀመሳቸውና እጁን ለማጨብጨብ አነሳ። ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ደንበኛ ከተማ ዳር ወዳለው ቅርንጫፍ ይዛወራል። እዚያ ወንበር የለም፣ መስኮት የለም፣ ሙላትም የለም። ጋሽ ንጋቱ ፍርሃት ያዛቸው። ይህችን ቦታ ካጡ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ገና አሁን ታወሳቸው።

«እኔ እኮ ያው አንድ ሰው ነኝ» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው የምትመልሱኝ?»

«ጣዕም ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?» አለ ማኪያቶው።

ከመወሰኑ በፊት ግን መዝገብ ይታይ ተባለ። መዝገቡን ይዛ የመጣችው ዘቢባ ናት። የዘጠኝ ዓመቱን ገጽ በገጽ ገለጠችው። ገጾቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ማኪያቶው ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቃት።

«እኛ ጋሼን አንድም ቀን መልሰናቸው አናውቅም» አለች። «እንደመጡ ነው የተቀበልናቸው።»

ጋሽ ንጋቱ በጣም አፈሩ። ከጠረጴዛው ላይ ወርደው የሆነ ነገር ሊሏት ፈለጉ፣ አፋቸው ግን በቁም ነገር ተሞልቶ አልንቀሳቀስ አለ። ማኪያቶው ይህን ጊዜ ውሳኔው ይጻፍ አለ። ቅጽ አልቋል አሉት። እንግዲያው እሳቸው ላይ ጻፉት ብሎ እስክሪብቶውን ጉንጫቸው ላይ አሳረፈው። እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር።

ነቁ።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ነው የተኙት። በክርናቸው የገፉት ማኪያቶ ፈስሶ ጠረጴዛውን አርሶታል። ቅጹ ጉንጫቸው ላይ ተለጥፏል። ቀስ ብለው ላጡትና አዩት፤ ከደበዘዘ ሰማያዊ ነገር በቀር የተረፈ የለም። ቀና አሉ። ፊት ለፊታቸው የቡና ቤቱ ግድግዳ መስታወት ነው፤ ጉንጫቸው ላይ ተገልብጦ የታተመው የገዛ እጅ ጽሑፋቸው በመስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይነበባል፦ «ዘቢባ የምትባለው አስተናጋጅ ትነሳልን።»

ከጀርባቸው፣ እዚያው መስታወት ውስጥ፣ ዘቢባ መወልወያ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እያነበበች ነው። ተኝተው ሳሉ የመጣው ሙላት ከጎናቸው ጣራ ጣራውን እያየ ከንፈሩን ነክሷል።

«ጋሼ» አለች ዘቢባ፣ ጠረጴዛውን እየወለወለች፤ «ቅጹ ተበላሽቷል። ሌላ ላምጣልዎት?»

«የለም» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ማኪያቶ አምጪልኝ።»

«ነጣ ያለ ነው ጠቆር ያለ?»

«እንደመጣ ይምጣ።»

አመጣችላቸው። እንደዚያ የጠቆረ ማኪያቶ በዚያ ቤት ተሠርቶ አያውቅም። ዘቢባ ትሪዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ሳትሄድ ቆማ ጠበቀች። ጋሽ ንጋቱ አንዴ ፉት አሉለት። እጃቸው እንደ ልማዱ ተነሳ። አየር ላይ እንዳለ ዘቢባን አዩዋት፣ ሙላትን አዩት፤ ከዚያም በተነሳው እጃቸው ጉንጫቸውን አከክ አከክ አደረጉበት።