ፊቱን ያላስተካከለ አይገባም

መሥሪያ ቤታችን ከዘመኑ ጋር ለመራመድ ሲል የሠራተኞቹን የመታወቂያ ፎቶ በሙሉ በኪነ ጥበብ ምስል ለመተካት ወሰነ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ዐውደ ርእይ ላይ ጋዜጣ፣ ጨርቅ፣ ክርና ቀለም ተለጣጥፎባቸው የተሠሩ የሰው ምስሎች አይተው ልባቸው ተነክቶ ነበር። ሠዓሊ መቅጠር ጊዜ ይፈጃል ተባለና ሥራው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ተሰጠ። ማሽኑም ከምሳ በፊት ሁላችንንም ጨረሰን።

እኔ ጉንጬ ላይ ቀይ ክር ተሰፍቶልኝ ወጣሁ። የሒሳብ ሹሙ ግራ ዓይን በኮት ቁልፍ ተተካ። ሁላችን እትዬ የምንላቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ግማሽ ፊታቸው በተቀዳደደ ጋዜጣ ተሸፈነ። የምስሎቻችን ትልልቅ ቅጂ አዳራሽ ውስጥ ሲሰቀል አጨበጨብን። ምን እናድርግ፣ ሥራ አስኪያጁ ቆመው እያዩን ነበራ።

በማግስቱ ጥበቃው ፊታችንን ከመታወቂያችን ጋር እያስተያየ በር ላይ አስቀረን። ምስሉን ያልመሰለ አይግባ የሚል መመሪያ አለው። ሥራ አስኪያጁ የሚገቡት በመኪና ስለሆነ፣ መኪናው ደግሞ ራሱን ስለሚመስል፣ እሳቸው አልተቸገሩም። ጉዳዩን በጥሞና መርምረው ወሰኑ።

«ማሽን አይሳሳትም። ፊታችሁን አስተካክሉ!»

አስተካከልን። እኔ ጉንጬ ላይ ቀይ ክር በሙጫ ለጥፌ ገባሁ። የሒሳብ ሹሙ ዓይኑ ላይ ቁልፍ አስሮ፣ ከበሩ መቃን ጋር እየተላተመ ገባ። እትዬም ጋዜጣ ቀዳደው ፊታቸው ላይ ለጥፈው መጡ።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ልጅዎ ተሻላት?» አላቸው ጥበቃው።

«ምን ተሻላት ብለህ ነው! መድኃኒቷ በዚህችው ደመወዝ ነው፤ በል አስገባኝ።»

«አይቻልም። ምስልዎ ላይ ያለው ጽሑፍ በየትኛውም ቋንቋ አይነበብም። የለጠፉት ግን ይነበባል።»

«አንተ ልጅ፣ ከተቀጠርክ ጀምሮ ታውቀኝ የለም እንዴ?»

«እኔማ አውቅዎታለሁ እትዬ። የማያውቅዎት መታወቂያዎ ነው።»

እትዬ ከተማውን አሰሱ። የማይገባ ጋዜጣ ሞልቷል፤ የማይነበብ ግን አጡ። ጠዋት ጠዋት እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ። እኛ በአጠገባቸው ስናልፍ አንገታችንን እንደፋለን። ክሬ እንዳይላቀቅ ነው እላለሁ፤ አፍሬ ነው እንጂ።

በመጨረሻ በሥራ ገበታቸው ላይ ባለመገኘታቸው ተሰናበቱ። በዚያው ሰሞን የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ የሚመረጥበት ቀን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹን ዞር ዞር ብለው ቃኙና የእትዬ ምስል ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህችን ሠራተኛ ተመልከቱ» አሉ ወደ ምስሉ እየጠቆሙ። «ከተሰቀለች ጀምሮ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ደመወዝ ይጨመርልኝ አላለችም። ልጄ ታመመች ብላ ማንንም አላስቸገረችም!»

አጨበጨብን። ሽልማቱ ለአንድ ቤተሰብ የተሟላ ነፃ ሕክምና ነበር። ምስል ቤተሰብ ስለሌለው፣ ከሚባክን ተብሎ ለሥራ አስኪያጁ ቤተሰብ ተላለፈ።